ዎኪ ቶኪ ልመርጥ ገብቼ ያገኘሁት ሰውዬ

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። የላከችው ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሳምንት የሚሰባሰቡበት የእግር ኳስ ውድድር እንዳለ ታውቃላችሁ። ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ቤተሰቡም በየመኪናው ተጭኖ ይከተላል። አምና የእኛዎቹ በሦስት መኪና ተከታትለው ሲሄዱ የጋሼ መኪና አንድ መታጠፊያ አለፈውና ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፉ። ጋሼ እየነዱ ስልክ አያነሱም። የሜሪላንድ ሕግም ቢሆን እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ይከለክላል። አክስቴ ደግሞ አጠገባቸው እንቅልፍ ወስዷታል። ተራራማው መንገድ ላይ ኔትወርክም የለም። በቃ፣ ሁለት ሰዓት የቤተሰብ ጭንቀት።

ዘንድሮ አራት መኪና ናቸው። ስለዚህ ዎኪ ቶኪ መግዛት ፈልጋለች። ከዘመዶቿ ውስጥ ማንበብ የሚወደው እኔ ነኝ ተብሎ ምርጫው አዲስ አበባ ለተቀመጥኩት ለእኔ ተላለፈ።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ስለ ሬዲዮ የማውቀው ታክሲ ውስጥ የሚከፈተውን ብቻ ነበር። ገብቼ ሳይ እያንዳንዱ ማሸጊያ የሚጮኸው ስለ ርቀት ነው፤ አንዱ 40 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው ከዚያ ያስበልጣል። ከሥር በትንንሽ ፊደል ደግሞ ሁሉም ላይ አንድ ቃል አለ፦ ኤፍኤም። ገረመኝ። ኤፍኤም ማለት ሙዚቃና ስፖርት የምንሰማበት አይደል እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል? ይቺን ጥያቄ ልመልስ ብዬ የገባሁ ሰው ሁለት ሌሊት ሙሉ ከአንድ ሰውዬ ሕይወት ውስጥ መውጣት አቃተኝ። ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰገነት ላይ ያደገው ልጅ

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18፣ 1890 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፣ እናቱ አስተማሪ ነበረች። ገና ትንሽ ልጅ እያለ ከባድ የትኩሳት ሕመም ያዘውና ትከሻውንና አንገቱን ያለ ፈቃዱ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ትቶበት ሄደ። ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረ፤ ቤት ውስጥ ነው የተማረው። ያ መንቀጥቀጥ ሲጨነቅ እየተነሳበት ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ።

ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ሃድሰን ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ዮንከርስ የሚባል ቦታ ቤት ነበረው። ልጁ ስለ ማርኮኒ አንብቦ ፈጣሪ እሆናለሁ ብሎ የወሰነው በ14 ዓመቱ አካባቢ ነው። ክፍሉ ሰገነቱ ላይ ነበር፤ ሽቦና ጥቅልል ሞላበት። ጓሮው ውስጥ ደግሞ ወደ 38 ሜትር የሚደርስ የአንቴና ምሰሶ ለብቻው ሠርቶ አቆመ። ከፍታ የሚወድ ሰው ነበር። ለማሰር ለመፍታት ራሱ ይወጣበታል፣ ጎረቤት ከታች ሆኖ ይሳቀቃል።

ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዮንከርስ እስከ ዩኒቨርሲቲው በሞተር ሳይክል ነበር የሚመላለሰው። በ1912 ገና ተማሪ እያለ ያ ሁሉ የሰገነት ሌሊት ፍሬ አፈራ።

በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ማለት ጆሮ ላይ ማዳመጫ አጥብቆ አስሮ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ መልቀም ነበር። ሊ ዲ ፎረስት የሚባል ሰው የሠራው አምፖል የሚመስል ዕቃ ገበያ ላይ ነበር፣ ግን እንዴት እንደሚሠራ በትክክል የተረዳው ሰው አልነበረም። አርምስትሮንግ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፤ ከአምፖሉ የወጣውን ምልክት እንደገና ወደ መግቢያው መለሰው። ምልክቱ ዞሮ ዞሮ ራሱን እያጎላ ሄደ። ድምፁ ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳን ይሰማ ጀመር። በሌሊት ሮጦ ሄዶ እህቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት ይባላል።

25 ሳንቲም

እዚህ ጋ ኢኮኖሚስቱ ይነቃል። ፈጠራ አንድ ነገር ነው፣ ባለቤትነቱን ማስመዝገብ ሌላ ነገር ነው። ፓተንት ገንዘብ ይጠይቃል። አባቱ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ ብሎ ገንዘቡን ከለከለው። ልጁ ሞተር ሳይክሉን ሸጠ፤ አልበቃም። በዘመድ ምክር የፈጠራውን ንድፍ በወረቀት ሥሎ፣ በ25 ሳንቲም ውል አዋዋይ ፊት አስፈርሞ አስቀመጠ። ቀኑ ጃንዋሪ 31፣ 1913 ነበር። ይቺን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። በ1914 ተሰጠው። በኋላ ግን ዲ ፎረስት ነገሩን በ1912 በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር ብሎ ተነሳ። ክሱ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አርምስትሮንግ አሸነፈ፤ ከዚያ ዞረበት። በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ፈረደ፣ በቃ ተዘጋ።

የሙያ ጓደኞቹ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር በዚህ ፈጠራ ምክንያት በ1917 የክብር ሜዳልያ ሰጥቶት ነበር። ከፍርዱ በኋላ አርምስትሮንግ ሜዳልያውን ሊመልስ ወደ ስብሰባቸው ሄደ። ማኅበሩ አልቀበልም አለ። ሽልማቱ ያንተ ነው ብሎ በድጋሚ አጸናለት፣ አዳራሹም ቆሞ አጨበጨበ። ሕጉ አንድ ነገር አለ፣ ሥራውን የሚያውቁት ሌላ አሉ። ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወደ መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ።

የሠርጉ ስጦታ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል መኮንን ሆኖ ፓሪስ ተላከ። እዚያ በ1918 ሁለተኛውን ትልቅ ሥራ ሠራ። ሱፐርሄትሮዳይን ይባላል፣ ስሙ አያስፈራችሁ። ነገርዬው እንዲህ ነው፦ በጣም ፈጣን የሆነን ሞገድ ማጉላት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ የመጣውን ሞገድ ሁሉ መጀመሪያ ወደ አንድ ቋሚ፣ ዝግ ያለ ሞገድ ለውጦ ከዚያ ማጉላት። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የገባው ሬዲዮና ቴሌቪዥን አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የተሠራው።

በ1922 ደግሞ ከዲ ፎረስት ጋር ላለበት ክስ ማስረጃ ሲያዘጋጅ ሦስተኛ ነገር አገኘ፣ ሱፐር ሪጄኔሬሽን የሚባል። በጥቂት ዕቃ ብዙ ማጉላት የሚችል ዘዴ ነው፤ በኋላ ትንንሽ የእጅ ሬዲዮዎች ውስጥ በብዛት ገብቷል። ይህንን ለአርሲኤ ኩባንያ ሸጠው። ክፍያው 200,000 ዶላርና 60,000 የአክሲዮን ድርሻ ነበር። በሞተር ሳይክል ሽያጭ የጀመረው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ከማንም ግለሰብ በላይ የአርሲኤን አክሲዮን የያዘ ሰው ሆነ።

በአርሲኤ ውስጥ ወዳጅ ነበረው፣ ዴቪድ ሳርኖፍ። ሳርኖፍ ከሩሲያ ግዛት በልጅነቱ የተሰደደ፣ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ጋዜጣ ሲሸጥ ያደገ ሰው ነው። በ1914 ክረምት ሁለቱ ኒው ጀርዚ ውስጥ ብርድ በሚገባበት ጎጆ ተቀምጠው የአርምስትሮንግን መቀበያ አብረው ሲሞክሩ አድረዋል። በኋላ ሳርኖፍ የአርሲኤ ኃላፊ ሆነ። አርምስትሮንግም እሱን ሊጠይቅ ሲመላለስ የሳርኖፍን ጸሐፊ አያት፣ ማሪዮን ማክኢኒስ። እሷን ለማስደነቅ ብሎ ነው መሰለኝ በ1923 ከሕንፃ አናት ላይ የተተከለው የአርሲኤ ማማ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ፎቶ ተነሳ። ሳርኖፍ ተቆጥቶ ከቦታው አገደው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተጋቡ። ለሙሽራዋ የሰጣት ስጦታ ምን ይመስላችኋል? በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ። በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ለጫጉላ ወደ ፍሎሪዳ በመኪና ሄዱ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ያ ትልቅ ሳጥን መሃላቸው ተቀምጦ የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። የአክስቴ ልጅ ሬዲዮ ይዛ በመኪና ልትሄድ ስትል፣ ከ100 ዓመት በፊት ይህን ያደረጉ ሙሽሮች ነበሩ ማለት ነው።

ብርሃኑ ሳይሆን ቀለሙ

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ኤፍኤም ዎኪ ቶኪ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሌሊት ከሩቅ ለጓደኛችሁ በባትሪ መብራት ምልክት ልትሰጡ ነው እንበል። አንደኛው ዘዴ መብራቱን ደመቅ ፈዘዝ ማድረግ ነው። በመሃል አቧራ ቢነሳ ግን ያፈዘዛችሁት እናንተ ሁኑ አቧራው፣ ጓደኛችሁ አይለይም። ሁለተኛው ዘዴ ድምቀቱን ትቶ ቀለሙን መለዋወጥ ነው። አቧራው ያፈዝዘዋል እንጂ ቀዩን አረንጓዴ አያደርገውም። የድሮው ሬዲዮ፣ ኤኤም፣ የመጀመሪያው ዘዴ ነው፤ ድምፅን የሚሸከመው በሞገዱ ጉልበት መለዋወጥ ነው። መብረቅና የመኪና ሞተር ብልጭታ የሚያበላሹትም ያንኑ ጉልበት ስለሆነ ይንጫጫል። ኤፍኤም ሁለተኛው ነው፤ ድምፁ ያለው በሞገዱ የንዝረት ፍጥነት ለውጥ ላይ ነው።

ሐሳቡ ከአርምስትሮንግ በፊትም ነበር። በ1922 አንድ የታወቀ የሒሳብ ጥናት ኤፍኤም ምንም ጥቅም የለውም ብሎ ደምድሞ ነበር፣ ባለሙያውም ተቀብሎት ቁጭ ብሏል። ጥናቱ ያየው ግን ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄደውን ኤፍኤም ነው። አርምስትሮንግ ተቃራኒውን አደረገ፤ መንገዱን አሰፋው። ኤኤም በ10 ኪሎ ኸርዝ ውስጥ ሲሄድ የኤፍኤም ጣቢያ 200 ኪሎ ኸርዝ ተሰጠው። ፓተንቶቹን ያገኘው ዲሴምበር 26፣ 1933 ነው። በኖቬምበር 1935 ለመሐንዲሶች ስብሰባ ሲያሳይ ከዮንከርስ በሬዲዮ የተላከው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳና ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማው ድምፅ ነበር። በኤኤም ውሃም ወረቀትም አንድ ዓይነት ኳኳታ ነበሩ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማ።

ሳርኖፍ ይህን ቀድሞ አይቶታል። አርሲኤ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ ቦታ ሰጥቶት ከ1934 ጀምሮ ሞክሯል። በ1935 ግን ዕቃህን አውጣ ተባለ። ለቴሌቪዥን ሙከራ እንፈልገዋለን ነበር ምክንያቱ። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን የሚያስተምሩን ነገር ነው ይሄ። አርሲኤ ኤኤም ጣቢያዎች አሉት፣ ኤኤም መቀበያ ይሸጣል፣ ቀጣዩን ገንዘቡን ቴሌቪዥን ላይ አፍስሷል። የተሻለ ነገር ሲመጣ ያለውን የሚያረጅበት ኩባንያ አጨብጭቦ አይቀበልም። ክፋት እንኳን ባይኖርበት ሒሳቡ ይከለክለዋል።

አርምስትሮንግ በራሱ ገንዘብ ተነሳ። ኒው ጀርዚ አልፓይን የሚባል ቦታ ላይ ከ120 ሜትር በላይ የሆነ ማማ አቆመ። ከ300,000 ዶላር በላይ ወጣበት። ጣቢያው በ1939 ሥራ ጀመረ። ማማው ዛሬም አለ፤ በሴፕቴምበር 2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲወድቁ ማሰራጫቸውን ያጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለጊዜው የተጠለሉት እዚህ ማማ ላይ ነው።

በጀርባ የተሸከሙት ሬዲዮ

ኤፍኤም መጀመሪያ ነጥሮ የወጣበት አንዱ ቦታ መኪና ነው። በ1940 ዳንኤል ኖብል የሚባል ፕሮፌሰር ለኮነቲከት ግዛት ፖሊስ መኪኖች በሙሉ በኤፍኤም የሚነጋገሩበትን መገናኛ ዘረጋ። የሞተር ብልጭታ የማይረብሸው ሬዲዮ ለመኪና ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት። ኖብል ከዚያ በኋላ ሞቶሮላ ተብሎ ወደምናውቀው ኩባንያ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኩባንያው ሁለት ዝነኛ ሬዲዮ ሠራ። አንደኛው ወታደር በጀርባው የሚያዝለው፣ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚያደርስ ኤፍኤም ሬዲዮ ነው። ዎኪ ቶኪ የሚለው ስም የታወቀው በእሱ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ 2 ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ነበር፣ ግን ኤኤም ነው፤ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዛሬ የምንገዛው የሁለተኛውን ቅርፅ ይዞ የመጀመሪያውን ነፍስ የያዘ ነው።

አርምስትሮንግ ጦርነቱ እስኪያልቅ ጦሩ ፓተንቶቹን በነፃ እንዲጠቀም ፈቀደ። በኮሎምቢያ ፕሮፌሰር ሆኖም ደመወዙ በዓመት 1 ዶላር ነበር። ገንዘብ የሚያሳድድ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ላይ እንዲህ ቸር የሆነ ሰው ግን የእኔ ነው በሚለው ነገር ላይ ንቅንቅ አይልም ነበር።

በ1940 አርሲኤ 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። አንዴ ከፍለን ከዚያ ወዲያ ያለ ክፍያ እንጠቀም ነው ነገሩ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው 2 በመቶ ገደማ እየከፈሉት ነበር። ለትልቁ የተለየ ዋጋ ከሰጠሁ ትንንሾቹን በደልኩ ብሎ እምቢ አለ። በ1945 ደግሞ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍኤምን ከነበረበት ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ አንስቶ ዛሬ ወደምናውቀው ከ88 እስከ 108 አዛወረው። በአንድ ውሳኔ ሰው ቤት ያሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች ዕቃ ሆነው ቀሩ። የቴሌቪዥን ድምፅም በኤፍኤም እየተላከ አርሲኤ ቴሌቪዥኑን ይሸጣል፣ ለአርምስትሮንግ ግን አይከፍልም።

በ1948 ከሰሰ። ፓተንቶቹ በ1950 ጊዜያቸው ያልቃል። ክሱ ደግሞ ይጎተታል። ጊዜ ለማን እንደሚሠራ ገብቷችኋል። ለጠበቃ፣ ለጠበቃ፣ አሁንም ለጠበቃ። ሀብቱ ተሟጠጠ። በ1953 መጨረሻ ለጡረታቸው ማሪዮን ጋር የተቀመጠውን ገንዘብ ጠየቃት። እምቢ አለች፣ ተጣሉ፣ መታት። ይህን መዝለል አልፈልግም፤ ታላቅ ሰው ነበር ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። እህቷ ጋ ሄደች።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 31፣ 1954 ሌሊት፣ ለማሪዮን ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 63 ዓመቱ ነበር። በ25 ሳንቲም ንድፉን ካስፈረመ ልክ 41 ዓመት። (እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ የገባ ሰው አጠገባችሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። እናንተም ከሆናችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።)

ማሪዮን

ክሱን ማን የጨረሰው ይመስላችኋል? ማሪዮን። በ1954 መጨረሻ አርሲኤ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ከፍሎ ታረቀ። በ1940 የተናቀው ያው 1 ሚሊዮን ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ በመሃል ባለው የዋጋ ንረት የገንዘቡ የመግዛት አቅም ወደ ግማሽ ወርዷል። እሷ ግን አላቆመችም። አንዱን ኩባንያ ከአንዱ እየተከተለች በየፍርድ ቤቱ አሸነፈች። የመጨረሻው ተሸናፊ በ1967 ሞቶሮላ ነበር። አዎ፣ ዎኪ ቶኪውን የሠራው ሞቶሮላ። በድምሩ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ባልየው ትክክል ነበር፣ ፍርድ ቤትም አረጋገጠ። ትክክል መሆኑ ግን ለእሱ ምንም አላደረገለትም። ያሸነፈው ትዕግሥት ነበር፣ ያውም የሌላ ሰው ትዕግሥት። ኢኮኖሚክስ ውስጥ የወጣን ወጪ እርሳው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻ ቁጠር ይሉናል። በዚያ ሕግ ብናየው አርምስትሮንግ በ1940 ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ቤተ ሙከራው መመለስ ነበረበት። ማሪዮን ግን በዚያው ክስ ገፍታ አሸንፋለች። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ እንደገባኝ፣ ለእሱ ክሱ ሕይወቱ ነበር፤ ለእሷ ሥራ ነበር።

የራሴ ነገር ያልኳችሁ ይሄው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ትንሽ ሥራ ጀምረን ነበር። ሐሳቡ የማን ነበር በሚል ተለያየን። እሱ ቀጠለበት፣ ሄደለትም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ የሚል የቻት ስክሪንሾት ስልኬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ንብረቴ መስሎኝ ስልክ ስቀይር እንኳን አብሬ አሻግሬዋለሁ። ከዚህ ሰውዬ በኋላ ፎልደሩን ከፍቼ አየሁት። አላጠፋሁትም። እውነቱ ይቀመጥ። ግን ሌሊት ሌሊት እየከፈትኩ ማንበቡን ትቻለሁ።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁላት

አሁን ምርጫው። በመኪና ተከታትላችሁ ለመሄድ ሬዲዮ የምትመርጡ ካላችሁ ለእናንተም ይሆናል።

አንደኛ፣ ርቀቱን አትመኑ። የእነዚህ ሬዲዮዎች ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው፤ መሬት ደግሞ ክብ ናት። ሜዳ ላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የያዛችሁት ሬዲዮ አድማሱ 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሌላኛውም እንዲሁ። ሲደመር 9 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የተራራ አናት ለተራራ አናት ነው። መኪናው ደግሞ የብረት ሳጥን ነው፤ ሞገዱ የሚወጣው በመስኮት ነው። መኪና ለመኪና ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር አስቡ። ተከታትሎ ለሚሄድ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ጉልበት ከመግዛት በፊት ሕጉን እዩ። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሚሠራው የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት 22 ቻናል አለው፣ ጉልበቱ እስከ 2 ዋት ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ፈቃድ ይፈልጋል፤ 35 ዶላር ነው፣ ለ10 ዓመት፣ ፈተና የለውም። አንድ ሰው ካወጣው ለቤተሰቡም ይሆናል። ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድም፣ አክስት አጎት፣ አማች ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የአክስት ልጅ ግን የለም። በአሜሪካ ሕግ እኔና እሷ አንዛመድም ማለት ነው፣ ነግሬያታለሁ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካውን ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያ ያለ ፈቃድ የሚሠራው በ446 ሜጋ ኸርዝ ላይ ግማሽ ዋት ነው።

ሦስተኛ፣ የግል ኮድ የሚሉት ምስጢር አይጠብቅም። ሌሎች ሲያወሩ የእናንተን ድምፅ ማጉያ ዝም ያሰኛል እንጂ የእናንተን ወሬ ከሌላ አይደብቅም። ስለዚህ የሐሜት ቻናል አታድርጉት።

አራተኛ፣ በዩኤስቢ መኪና ውስጥ የሚሞላና ሲቸግር ተራ ድንጋይ የሚቀበል ይሁን። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ አንድ መጠባበቂያ ይጨመር። ሬዲዮውን የሚይዘው ሹፌሩ ሳይሆን ጋቢና ያለው ሰው ነው። ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ ቆይቶ መናገር፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል።

አምስተኛ፣ ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ወደ አዲስ አበባ እንዳታመጡ። እዚህ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ መገናኛ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ያለ ፈቃድ የሚሠራውን፣ 2 ዋቱን መረጥንላቸው። ትናንት ከቤታቸው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሞክረውት ቀድታ ላከችልኝ። መጀመሪያ ትንሽ ሽሽሽታ አለ። ከዚያ ቀጥ ይልና የጋሼ ድምፅ ይመጣል፣ አክስቴን እንቅልፍ እንዳይወስዳት እያስጠነቀቁ። ጥርት ያለ ነው፤ የሞተር ድምፅ የለ፣ ኳኳታ የለ። ሦስቴ ደጋግሜ ሰማሁት።